ልጄ አሁን ለኤንኤፍኤል ድራፍት ይግባ ወይስ አንድ ዓመት ይቆይ?

ጥያቄ፦ «ልጃችን በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ኮርነርባክ (የተጋጣሚን ኳስ ተቀባይ የሚከላከል) ሆኖ ይጫወታል። ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ዘንድሮ አምስት ኳስ ነጥቋል፤ ቪዲዮው በየስልኩ ይዞራል። ኤጀንት ነን የሚሉ ሰዎች መደወል ጀምረዋል። ጓደኞቹ ‹አሁን ካልወጣህ መቼ ልትወጣ ነው› ይሉታል። አባቱ ዲግሪው ይቅደም ባይ ነው። እኔ ጨዋታውን ብዙም አላውቀውም፤ ብቻ ልጄ ከሁለቱም ሳይሆን እንዳይቀር ፈራሁ። ምን ብለን እንምከረው? እናት፣ ከሜሪላንድ።»

መልስ፦

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድም፤ ምክንያቱን ከዚያ እነግርዎታለሁ። ኤንኤፍኤል የአሜሪካ ፉትቦል ፕሮፌሽናል ሊግ ነው፤ ድራፍት ደግሞ ክለቦቹ በየዙሩ አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ከሊጉ የኮሌጅ አማካሪ ኮሚቴ የሚመጣው ግምት «አንደኛ ዙር» ወይም «ሁለተኛ ዙር» ካላለ፣ ልጅዎ አንድ ዓመት ይቆይ ባይ ነኝ። የኮሌጅ ቡድኖችን የኋላ ተከላካዮች ሳሠለጥን የኖርኩ ሰው ነኝ። የምለው የልጁን ተስፋ ለማጨለም አይደለም። በአንድ ዓመት አምስት ኳስ መንጠቅ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ስለ አንድ ኮርነርባክ የሚወስኑት ሰዎች የሚያዩት ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለ ኮሚቴው። ኤንኤፍኤል ኮሌጅ ሳይጨርሱ ለመውጣት የሚያስቡ ተጫዋቾች አስቀድመው ግምት የሚጠይቁበት አሠራር አለው። ግምቱን የሚሰጡት የክለቦቹ ስካውቶች፣ ማለትም ተጫዋች መልማዮች ናቸው። ማመልከቻው የሚገባው በዩኒቨርሲቲው በኩል ነው። የሚመጣው መልስ ከሦስት አንዱ ነው፦ አንደኛ ዙር ልትመረጥ ትችላለህ፣ ሁለተኛ ዙር ልትመረጥ ትችላለህ፣ ወይም ኮሌጅ ቆይ። «አራተኛ ዙር» የሚባል መልስ የለም። ሊጉ ራሱ ከሁለተኛ ዙር በታች ለሆነ ልጅ ቆይ ነው የሚለው። ስለዚህ የሚደውለው ኤጀንት «ከሦስተኛ ዙር አትወርድም» ቢለው፣ ያ የሰውየው ግምት ነው። የሚመርጠው ክለቡ ነው።

ሕጉ አንድ ተጫዋች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወጣ ሦስት ዓመት ከሞላው ድራፍት መግባት ይችላል ይላል። ልጅዎ ይችላል ማለት ነው። መቻልና መዘጋጀት ግን ለየቅል ናቸው። 32 ክለቦች በ7 ዙር የሚመርጡት በጠቅላላው 260 ገደማ ተጫዋች ነው፤ ጥቃት፣ መከላከል፣ ኳስ መቺው ሁሉ ተደምሮ። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ ራሱ በሚያወጣው ስሌት፣ ለድራፍት ከደረሱት የኮሌጅ ተጫዋቾች ወደ ሊጉ የሚያልፉት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም።

አሁን ወደ አምስቱ ኳሶች ልምጣ። ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው።

ስካውቶች የሚያዩት በየስልኩ የሚዞረውን ቪዲዮ አይደለም። እነሱ የሚያዩት ከስታዲየሙ ከፍታ ላይ የተቀረጸውን፣ ሃያ ሁለቱንም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ የሚያሳየውን ነው። የተነጠቀ ኳስ አንዳንዴ የራስ ሥራ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ኳርተርባኩ (ኳስ ወርዋሪው) አሳጥሮ ስለወረወረ ወይም ኳሷ የሌላ ሰው እጅ ነክታ ስለመጣች ነው። ዘንድሮ አምስት የነጠቀ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ሳይለግም አንድ ብቻ ሊነጥቅ ይችላል። ስካውቱ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ኳሷን ትቶ እግሩን ያያል።

አንድ ጨዋታ ላሳይዎት። ሪሲቨሩ (ኳስ ተቀባዩ) መስመሩ ላይ ቆሟል። ልጅዎ ፊት ለፊቱ፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ ይጠብቃል። ኳሷ ስትነሳ ሪሲቨሩ ግራ ትከሻውን ወዝወዝ ያደርጋል። ያልበሰለ ኮርነርባክ ትከሻውን አምኖ ይዞራል፤ ሪሲቨሩም በቀኝ ውልቅ ይላል። የበሰለው ግን ዓይኑን ከሰውየው ወገብ ላይ አይነቅልም። ትከሻና ጭንቅላት ያታልላሉ፣ ወገብ አይዋሽም። ከዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሮጣሉ፤ ልጅዎ በኋሊት እርምጃ የጀመረውን ሩጫ ወደ ፊት ማዞር አለበት። በዚያች መዞሪያ ላይ ግማሽ እርምጃ ካባከነ በኮሌጅ ደረጃ ይደርስበታል፤ በኤንኤፍኤል አይደርስበትም። ኳሷ ደግሞ ወደ ሌላው ጎን ተወረወረች እንበል። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ኳሷን ተከትሎ ሄደ። ስካውቱ አሁንም ያፈጠጠው ልጅዎ ላይ ነው። ሠላሳ ያርድ ርቆ ላለ ጨዋታ ይሮጣል? ወይስ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያያል? ከባዱ ሯጭ ወደ እሱ ሲመጣስ ዝቅ ብሎ ይጥለዋል ወይስ ትከሻውን አስነክቶ ያሳልፈዋል? ታክል (ተጋጣሚን መጣል) መሸሽ ቪዲዮ ላይ ፍጥጥ ብሎ ነው የሚታየው፤ ምንም አይሸፍነውም።

ልጅዎ ኮሌጅ ውስጥ የለመዳቸው ሕጎችም እዚያ ይለወጡበታል። በኮሌጅ ሜዳ፣ ጨዋታ የሚጀመርባቸው ሁለቱ የውስጥ መስመሮች በ40 ጫማ ይራራቃሉ። በኤንኤፍኤል 18 ጫማ ተኩል ብቻ ነው። በኮሌጅ ኳሷ ወደ አንድ ጎን ስለምትጠጋ፣ በሰፊው በኩል ያለው ኮርነርባክ ብዙ ጊዜ ኳርተርባኩ ሊደርስበት የሚከብደው ቦታ ላይ ነው የሚሆነው። በኤንኤፍኤል ኳሷ ሁሌም ለመሀል ትቀርባለች። መደበቂያ የለም። መያዝና መግፋትም እዚያ ዋጋው ይንራል። በኮሌጅ ተከላካይ በአየር ላይ ያለ ኳስ ለመቀበል የሚዘለውን ቢያደናቅፍ ቅጣቱ ቢበዛ 15 ያርድ ነው። በኤንኤፍኤል ጥፋቱ የተሠራበት ቦታ ድረስ ነው፤ 40 ያርድም ይሁን 50። ከ5 ያርድ በኋላ ሪሲቨሩን መንካትም ያስቀጣል። እጁን የሚያበዛ ልጅ ኮሌጅ ውስጥ ሳይቀጣ ያልፍና እዚያ ሲደርስ ከሜዳ ያስወጡታል። ለኮርነርባክ ቀለል የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በኤንኤፍኤል ሪሲቨሩ ኳሷን ሲይዝ ሁለት እግሩ ሜዳ ውስጥ ማረፍ አለበት፣ በኮሌጅ አንድ ይበቃል።

አራተኛው ዓመት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ሪቻርድ ሸርማንን ያስቡ። ስታንፎርድ የገባው ሪሲቨር ሆኖ ነው። ጉልበቱ ከተጎዳ በኋላ ወደ ኮርነርባክ ዞረ፤ ኮሌጅ ቆይቶም ሁለት የውድድር ዘመን በአዲሱ ቦታው ተጫወተ። በ2011 የሲያትል ክለብ በአምስተኛ ዙር፣ በ154ኛ ደረጃ መረጠው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሱፐር ቦውል (የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ) ባለቤት ሆኖ ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ውል ፈረመ። እነዚያ ሁለት ዓመታት ባይኖሩ ኖሮ የሚያሳየው የኮርነርባክ ቪዲዮ ራሱ አልነበረም።

አባቱ ስለ ዲግሪው ያሉትም ከዚህ ጋር ይገጥማል። የፉትቦል ተጫዋቾች በክረምቱ የዕረፍት ወራትም ስለሚማሩ ብዙዎቹ በሦስት ዓመት ተኩል ይመረቃሉ። የትምህርት ክፍሉ አማካሪ ጋ ሄዳችሁ «ስንት ክሬዲት ቀረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት የተጣላችሁበት ነገር የአንድ ሴሚስተር ጉዳይ ብቻ ሆኖ ታገኙት ይሆናል።

ስለ ጉዳት ሳላነሳ ካለፍኩ ግን ሐቀኛ አልሆንም። መቆየት አደጋ አለው። የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲው ላይንባከር (ከፊት መስመሩ ጀርባ የሚቆም ተከላካይ) ጄይለን ስሚዝ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተመራጮች አንዱ ይሆናል ሲባል፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ፊየስታ ቦውል በሚባለው የኮሌጅ ጨዋታ ጉልበቱ ተበጠሰ። ዳላስ በሁለተኛ ዙር በ34ኛ ደረጃ ወሰደው፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ አልተጫወተም። በኋላ ተነሥቶ ጥሩ ላይንባከር ሆነ። ያጣው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። እንዲህ ላለው ነገር መድን አለ። አንደኛው ተጫዋቹ ጭራሽ መጫወት ቢያቅተው የሚከፍል ነው፤ ሌላው በጉዳት ምክንያት በድራፍት ቢወርድ ኪሳራውን የሚያካክስ ነው። ልጅዎ የሚቆይ ከሆነ የአትሌቲክስ ክፍሉን ስለ ሁለቱም ይጠይቅ። የውሉን ትንንሽ ጽሑፍ ጠበቃ ያንብበው፤ ቀድሞ የነበረ ጉዳትን የማይሸፍን ውል ብዙ ነው።

ገንዘቡንም በግልጽ እንነጋገርበት፤ ቤተሰብ የሚያስጨንቀው እሱ ነው። አንደኛ ዙር የተመረጠ ልጅ ኑሮው ተለወጠ ማለት ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ ዙር ሌላ ነገር ነው። የተመረጠ ሁሉ የአራት ዓመት ውል ይፈርማል፤ ዝቅ ባሉት ዙሮች ግን እርግጠኛው ገንዘብ የፊርማው ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የቀረው ቡድኑ ውስጥ ከቆየ የሚከፈል ነው። በ2025 የአዲስ ተጫዋች ዝቅተኛ ደመወዝ 840,000 ዶላር ነበር። ቁጥሩ ያማልላል። ግን የሚከፈለው በየሳምንቱ ነው፤ ደግሞም በ53ቱ ዝርዝር ውስጥ ላለ ሰው። ክለቦች በክረምቱ እስከ 90 ተጫዋች ይዘው ልምምድ ይጀምሩና በኦገስት መጨረሻ 53 ብቻ ያስቀራሉ። በሁሉም ክለብ ሲደመር በዚያች ሳምንት ከአንድ ሺህ በላይ ልጆች ሻንጣቸውን ይይዛሉ። ከእነሱ ጥቂቱ ወደ ልምምድ ቡድኑ ይመለሳሉ፤ በ2025 የአዲስ ልጅ ክፍያ እዚያ በሳምንት 13,000 ዶላር ነበር፤ ክለቡ በፈለገ ቀን ያሰናብታል።

ኮሌጅ መቆየት ደግሞ እንደ ድሮው በባዶ እጅ አይደለም። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ከገቢያቸው ለአትሌቶች ይከፍላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች አብዛኛው ወደ ፉትቦል ይሄዳል። አምስት ኳስ የነጠቀ ኮርነርባክ ኮሌጅ ቆይቶ የሚያገኘው በሰባተኛ ዙር ከሚያገኘው የፊርማ ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል። ኮሌጅ ሳይጨርሱ ድራፍት የሚገቡ ልጆች ቁጥር የቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው። አደራ፣ ለትንሽ ጭማሪ ብሎ ትምህርት ቤት አይቀይር። የኋላ ተከላካዮቹን አሰልጣኝ የሚወደው ከሆነና እየተሻሻለ ከሆነ፣ የዚያ አሰልጣኝ አንድ ዓመት ከገንዘቡ ይበልጣል።

ድራፍት ከገባስ? መንገዱ እንዲህ ነው። ከጃንዋሪ ጀምሮ ሥልጠና፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ኢንዲያናፖሊስ የሚደረገው ኮምባይን (ክለቦቹ ተጫዋቾችን በአንድ ቦታ የሚፈትኑበት)፣ በማርች በየዩኒቨርሲቲው የሚደረገው የመለኪያ ቀን፣ በኤፕሪል መጨረሻ ድራፍት። ኮምባይን ላይ ሁሉም የሚያወራው ስለ 40 ያርድ ሩጫው ነው። ለኮርነርባክ 4.4 ሰከንድ አካባቢ ጥሩ ነው፤ 4.6 ከሆነ ጥያቄ ይነሣል። የክንዱ ርዝመትም ይለካል። ክለቦቹ ግን ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት የሐኪሞቹን ምርመራ ነው። የየክለቡ ሐኪሞች እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ያገላብጣሉ። የተደበቀ የትከሻ ጉዳት እዚያ መውጣቱ አይቀርም። ልጅዎ ለእናቱ ያልነገረው ነገር ካለ አሁን ይንገርዎት።

ካልተመረጠ ሁሉም ነገር አበቃ ማለት አይደለም። ማልኮም በትለር ምስክር ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀመረ፣ ከቡድኑ ተባረረ፣ ፖፕአይስ ዶሮ ቤት ሠራ፣ ተመልሶ ዌስት አላባማ በሚባል በሁለተኛ ዲቪዚዮን በሚጫወት ትምህርት ቤት ጨረሰ። በ2014 ማንም አልመረጠውም። ኒው ኢንግላንድ ለሙከራ ጠራው፤ አለፈ። የሱፐር ቦውሉ ሳምንት ልምምድ ላይ፣ ሁለት ሪሲቨሮች ተደራርበው የሚቆሙበት አንድ ጨዋታ መጣበትና ተሸነፈ፤ ኳሷ ገባችበት። አሰልጣኞቹ ነገሩት። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2015፣ ጨዋታው ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቀር፣ ሲያትል ከጎሉ መስመር አንድ ያርድ ላይ ሆኖ ያንኑ አቋቋም ይዞ መጣ። በትለር አቋቋሙን አወቀው። ኳሷ ከኳርተርባኩ እጅ ስትወጣ እሱ ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። ነጠቃት፣ ኒው ኢንግላንድ 28 ለ24 አሸነፈ። ለልጅዎ ይህን ሲነግሩት የልምምዱን ክፍል አይዝለሉት፤ ሌላው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ኳስ ብቻ ነው።

አዲስ ኮርነርባክ ቡድን ውስጥ የሚቀረው በአብዛኛው በስፔሻል ቲም (ኳስ በእግር ሲመታ ሜዳ የሚገባው ቡድን) ነው። በጨዋታ ቀን ከ53ቱ ለመጫወት የሚለብሱት ቢበዛ 48 ናቸው። አምስተኛው ኮርነርባክ የሚለብሰው፣ ኳስ በእግር ሲመታ ሮጦ ተቀባዩን የሚጥል ከሆነ ነው። ስሙ ለእኛ ጆሮ ቅርብ የሆነው ናት በርሄን ብዙ የሐበሻ ወላጅ አያውቀውም። የኤርትራ ዝርያ ያለው፣ ከሳን ዲየጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሴፍቲ (ከሁሉም ኋላ የሚቆም ተከላካይ) ነው። በ2014 የኒው ዮርክ ጃይንትስ በአምስተኛ ዙር መረጡት፤ በኋላም ለፒትስበርግ ተጫውቷል። በሊጉ ዓመታት የቆየው በአብዛኛው በዚህ ሥራ ነው። ልጅዎ ኮሌጅ ውስጥ ስፔሻል ቲም «ለጀማሪዎች ነው» ብሎ ትቶት ከሆነ፣ የሚቆይበት ዓመት ላይ አሰልጣኙን ለምኖ ይመለስበት።

ስለሚደውሉት ኤጀንቶች የምለው አጭር ነው። የኤንኤፍኤል ውል መደራደር የሚችለው በተጫዋቾች ማኅበር የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ ስሙን ማኅበሩን ጠይቆ ማጣራት ይቻላል። ከውሉ የሚወስደው ከ3 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። ለማስታወቂያ ሥራ የሚወከል ኤጀንትና ለኤንኤፍኤል ውል የሚወከል ኤጀንት ለየብቻ ናቸው። የመጀመሪያውን መያዝ ኮሌጅ አያስቀርም፤ ሁለተኛውን መፈረም ግን የኮሌጅ ጨዋታውን ሊያስዘጋበት ይችላል። ልጅዎ ሳይወስን ምንም አይፈርም፣ ገንዘብም፣ የአውሮፕላን ትኬትም፣ ለእርስዎ የሚላክ ስጦታም አይቀበል። ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ቡና ጠጥቶ «ልጃችሁ ልጄ ነው» የሚል ሰው ካለ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ባለፉት ሦስት ዓመታት የወከልካቸው ያልተመረጡ ልጆች አሁን የት ናቸው? ስልካቸውን ስጠን።» ጥሩ ኤጀንት ይሰጣል።

የድራፍት ማመልከቻ ቀኑ የሚዘጋው በጃንዋሪ አጋማሽ ነው። ከገቡ በኋላ ሐሳብ ለመለወጥ ያለው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ በእሱ አይተማመኑ። ስለዚህ ዋና አሰልጣኙን አሁኑኑ ጠይቃችሁ የኮሚቴው ማመልከቻ ይግባ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ከልጁ ጋር አትጨቃጨቁ።

መልሱን እየጠበቃችሁ ሳለ አንድ ምሽት ከአባቱ ጋር ሆናችሁ አጠገቡ ተቀመጡና ቪዲዮ እንዲያሳያችሁ ለምኑት። የነጠቃቸውን አምስቱን ሳይሆን ዘንድሮ የተሸነፈባቸውን። ጨዋታውን ባያውቁትም ችግር የለውም። «እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው? ከዚያ በኋላ ምን አረምክ?» ብለው ይጠይቁት። ኮምባይን ላይ የክለብ አሰልጣኞች በጠባብ ክፍል አስቀምጠው፣ የራሱን መጥፎ ጨዋታ ስክሪን ላይ ከፍተው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ረጋ ብሎ፣ በማንም ሳያላክክ፣ እርስዎ እስኪገባዎት ድረስ ካስረዳ፣ የኮሚቴው መልስ ሁለተኛ ዙር ሲሆን ልቀቁት። ካኮረፈ ወይም ጥፋቱን ባልረዳው ጓደኛው ላይ ካላከከ፣ መልሱ ሁለተኛ ዙር ቢሆንም እንኳ አንድ ዓመት ይጨምር ብዬ እመክራለሁ።